አቤት ያላልኩት ጥሪ

እኔ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በልቤ «ይሄ ሰውዬ ትናንት የት ሲጠጣ አመሸ?» ከሚሉት ወገን ነበርኩ፣ ዛሬም ቢሆን ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቢያወራኝ እስቅ ይሆናል፣ ስለዚህ እናንተም ብትስቁ አልቀየማችሁም። ግን የምነግራችሁ ነገር በራሴ ላይ የደረሰ ነው፣ ግማሹን ከእኔ ጋር የሰማ ሰውም አለ።

ሥራዬ አናጢነት ነው፣ በኮንትራት ጣሪያ አለብሳለሁ፣ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ ሥራ ወደተገኘበት እሄዳለሁ። በኮንትራት የሠራ ሰው ያውቀዋል፣ የሚያደክመው ሥራው አይደለም፣ ደላላው ነው። ያን ጊዜ ሞባይል ገና በየሰዉ እጅ አልገባም ነበር፣ የሥራ ደላሎች እጅ ግን ከማንም ቀድሞ ገብቷል፣ «አንድ ቆንጆ ሳይት አለ»፣ «ነገ ካልጀመርክ ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው» ይሉሃል፣ ሄደህ ስታየው ቆንጆው ሳይት ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ ሜዳ ነው። ከሁሉም የባሰው ጌጡ ነበር። ጌጡ የአገሬ ልጅ ነው፣ ደብረ ኤልያስ ገበያ ላይ ተቀምጦ ማርቆስንም ደጀንንም በስልክ የሚያምስ፣ አንዴ ከያዘህ እንደ ክረምት ጭቃ የማይለቅ ሰው። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ደውሎልኛል፣ ቀብር ላይ ቆሜ ደውሎልኛል። ቁጥሩን «አታንሳ» ብዬ መዘገብኩት፣ በአንድ ሻይ ቤት ባለቤት ስልክ ደወለ፣ እሱንም «አታንሳ ሁለት» አልኩት፣ ምን አለፋችሁ፣ ስልኬ ውስጥ ከዘመዶቼ ይልቅ አታንሳዎች በዙ።

የዚያን ሰሞን ደጀን ላይ የአንድ እህል መጋዘን ጣሪያ ይዤ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ነው፣ ባለቤቱ ዝናብ ሳይመጣ ጨርስልኝ እያለ አስጨንቆኛል። ጠዋት መሰላሉ ላይ ልወጣ ስል ስልኬ ጮኸ፣ ቁጥሩን አላውቀውም፣ አነሳሁት።

«ይበልጣል፣ ጌጡ ነኝ፣ እንዳትዘጋው!»

«ደግሞ ምን ፈለግህ?»

«ሥራ አለ። እዚህ፣ ደብረ ኤልያስ። ዛሬውኑ ና።»

«የምን ሥራ?»

ትንሽ ዝም አለ። ጌጡ ዝም ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ጣሪያ ነው… ያው ጣሪያ ነው። አንተ ብቻ ና። መኪና ብታጣ በጭነትም ቢሆን ተሳፍረህ ና።»

«የያዝኩትን ሥራ ጥዬ? እብድ ነህ እንዴ?»

«በማርያም ይዤሃለሁ፣ ይበልጣል!»

«ማርያምን ለኮሚሽን አትጥራት» አልኩና ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ደግሞ ደወለ፣ ደግሞ ደወለ። በመጨረሻ የስልኩን ጀርባ ከፍቼ ባትሪውን አወጣሁና የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፣ ባዶውን ስልክ ደግሞ ሚስማር የምይዝበት ጣሳ ውስጥ ወርውሬው ወደ ሥራዬ ወጣሁ፣ እመኑኝ፣ የዚያን ቀን ጠዋት ትልቅ ሰላም ተሰማኝ። እያፏጨሁ ሁሉ ነበር የምሠራው። እስካሁን የሚያሳፍረኝ ያ ፉጨት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በዓባይ በኩል ጠቆረ። ሌሎቹ ሠራተኞች ቆርቆሮ ሊያመጡ ወርደው ጣሪያው ላይ እኔና ብርቱካን ብቻ ቀርተናል፣ ብርቱካን ሚስማርና ቆርቆሮ የምታቀብለኝ የቀን ሠራተኛ ናት፣ ጠንካራና ወሬ የማታበዛ ሴት። ተንበርክኬ ዝናቡ ይደርስብን ይሆን እያልኩ ሰማዩን ስመለከት፣ ዝዝዝ የሚል ነገር ሰማሁ። ጥንዚዛ መሰለኝ። ቆም አለ፣ ከዚያ ደግሞ ዝዝዝ አለ፣ አሁን ግን በቆርቆሮው በኩል አልፎ ጉልበቴ ላይ ተሰማኝ።

«ጋሼ፣ ስልክዎ ነው» አለች ብርቱካን።

«የእኔ አይደለም፣ ባትሪ የለውም።»

«የእርስዎ ነው እንጂ፣ ይኸው ሚስማሩን እያንቀጠቀጠው!»

ዞር ብዬ አየሁ። ጣሳው ውስጥ ያሉት ሚስማሮች እርስ በርስ እየተነካኩ ይንሿሿሉ። ስልኩን አነሳሁት፣ ጀርባው ክፍት ነው፣ የባትሪው ቦታ ባዶ ነው፣ ጣቴን ከትቼ ዳስሼዋለሁ፣ መስታወቱ ድርግም ብሏል፣ ግን እጄ ላይ ይርገፈገፋል። በሌላው እጄ ኪሴን ነካሁ፣ ባትሪው እዚያው አለ። የትኛውን ቁልፍ እንደተጫንኩ አላውቅም፣ ብቻ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

መጀመሪያ ነፋስ ነበር፣ ሜዳ ላይ የሚነፍስ ዓይነት፣ ከዚያ ውሻ ከርቀት፣ ከዚያ የእንጨት በር ሲንቋቋ። ከዚያ በጣም ከሩቅ፣ ሰው ከአንዱ ተረተር ወደ ሌላው ሲጣራ እንደሚያደርገው ድምፁ ተስቦ፣

«አንዳርጌ ሆ—ይ!»

በዚህ ዓለም ላይ አንዳርጌ ብላ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ናት። እናቴ ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ከታላቅ እህቴ ጋር ትኖራለች፣ ስልክ በእጇ ነክታ አታውቅም። ልጅ ሆኜ ወንዝ ወርጄ ስቆይባት ልክ እንዲህ ነበር የምትጣራው። አንድ ነገር ደግሞ እሷው ራሷ አስተምራኛለች፣ «ስምህ ሲጠራ፣ የጠራህን ሰው ዓይንህ ሳያየው አቤት እንዳትል፣ ሰው ላይሆን ይችላል» ትለኝ ነበር፣ ካደግኩ በኋላ በዚህ ነገር ስንት ጊዜ አሹፌባታለሁ! እኔ አላምንም ነበር፣ ምላሴ ግን ለካ ያምን ነበር። «አንዳርጌ ሆይ» አለ ድምፁ እንደገና፣ ቀረብ ብሎ፣ ደከም ብሎ። አቤት ልል አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። በሦስተኛው ስሜን አልጨረሰችውም። ከዚያ በኋላ ሰው መልስ ሲጠብቅ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር፣ ቆይቶ እሱም ጠፋ።

«ማነው?» አለችኝ ብርቱካን።

«ማንም።»

እሷ የሰማችው የስልኩን መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ግን እጄ ላይ ያለውን ክፍት ስልክ አየች፣ ከኪሴ ያወጣሁላትን ባትሪ አየች፣ አማተበችና በመሰላሉ ወረደች፣ ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ሠርታ አታውቅም።

ዝናቡ መጣ። ማደሪያዬ ገብቼ ባትሪውን መለስኩና ስልኩን ከፈትኩት፣ ከሰዓት ተደወለ የሚል ምንም ምልክት የለበትም። ድካም ነው፣ ረሃብ ነው አልኩ። ነገ ጠዋት እደውላለሁ፣ ጣሪያው እንዲህ ክፍት ሆኖ የት ይኬዳል አልኩ፣ ሰው ለራሱ የሚለው አያጣም። ይልቅ አንድ ነገር እንቅልፍ ከለከለኝ፣ ጌጡ አልደወለም። ሲነጋ ሲመሽ የሚያስለቅሰኝ ሰው ዝም አለ፣ እመኑኝ፣ ባዶው ስልክ ከመንቀጥቀጡ ይልቅ የጌጡ ዝምታ አስፈራኝ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ የመጀመሪያውን መኪና ያዝኩ።

ደብረ ኤልያስ ስወርድ ጌጡ መናኸሪያው አጠገብ ቆሟል፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ። ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ሁሉም ነገር ገባኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጮህኩበት።

«እህትህ እኮ ናት አትንገረው ያለችኝ፣ ጣሪያ ላይ ሆኖ እናትህ ልትሞት ነው ቢሉት ይወድቃል አለች። ደግሞስ ክፉ ነገር በስልክ እንዴት ይነገራል? ሥራ አለ ብዬ ላምጣህ ብዬ…» አለኝ።

እውነቱን ነው። በእኛ አገር ሰው የሚጠራው እንዲህ ነው፣ እኔ ራሴ የስንቱን ልጅ «ቶሎ ና፣ ጉዳይ አለ» ብዬ አስጠርቻለሁ። ያን ቀን ጠዋት ጌጡ ስለ ኮሚሽን ትንፍሽ አላለም ነበር፣ ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም፣ ይህን ማስተዋል ያቅተኛል? ያን ጊዜውኑ ብነሣ ሳትሞት እደርስ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ለቀስተኛው ሲበተን እህቴ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ቀኑን ሙሉ ስትጠብቅህ ዋለች» አለችኝ። «ዝናቡ ሊመጣ ሲል ደጅ አውጪኝ አለች፣ ደግፌ በሩ ላይ አቆምኳት። በዚያ አቅሟ ተጣራች እኮ! እማዬ፣ ደጀን ነው ያለው፣ አይሰማሽም አልኳት።»

«እሷስ ምን አለች?»

እህቴ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል ቆየች።

«ሰምቶኛል አለች። ሰምቶኛል፣ አቤት ግን አላለኝም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።»

ስለ ስልኩ ለእህቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፣ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ከዚያ ወዲህ አታንሳ የሚለውን ሁሉ አጥፍቼዋለሁ፣ የማንንም ስልክ አነሳለሁ፣ ደላሎቹ ደስ ብሏቸዋል። ሃሎ ማለት ትቻለሁ፣ አቤት ነው የምለው። አብዛኛውን ጊዜ ቆንጆ ሳይት ያለው ሰው ነው። አንዳንዴ ግን የማላውቀው ቁጥር ይደውልና ከወዲያ በኩል ነፋስ የመሰለ ነገር ብቻ ይሰማል፣ ኔትወርክ ይሆናል፣ እኔ ግን አልዘጋውም፣ ራሱ እስኪቋረጥ ድረስ አቤት፣ አቤት እላለሁ።