ስምንት ሴንቲ ሜትር ለስፌት

በደብተሯ ላይ «ሁለት ሜትር ከስምንት» ተብሎ ተጽፏል። ግድግዳው ግን ለሦስተኛ ጊዜ ሁለት ሜትር ብቻ ሆነ።

ልጅቷ የብረት ሜትሩን ለቀቀችው፤ ተጠቅልሎ ጥልቅ አለ። ነገ ጠዋት የቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ የመታጠቢያ ቤቱን አዲስ ንድፍ ይወስዳል። ለዚህ ሥራ የተሾመችው እሷ ናት። የሹመቱ ምክንያት የንድፍ ሥራ ፈተና ላይ ዘጠና ሦስት ማምጣቷ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ስሟ «መሐንዲሷ» ሆኗል፤ ሳህን ማጠቡ ግን እንዳለ ነው።

እናቷ ሳሎን የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ባለፈው ሳምንት እሷ በጨርቅ ሜትሯ እየለካች ቁጥር ስትጠራ፣ ልጅቷ ስትጽፍ ነበር። አሁን ስምንቷ ሴንቲ ሜትር ከየት እንደመጣች ጠየቀቻት።

«ለስፌት ነዋ» አለች እናቷ መኪናዋን ሳታቆም። «በየጫፉ አራት አራት ጨመርኩበት።»

«እማ፣ ግድግዳ እኮ ነው።»

መኪናው ቆመ። እናቷ ጥቂት አሰበችና፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትጨምር ለክታ እንደማታውቅ፣ ደንበኛም ሲወፍር እንጂ ሲከሳ እንዳላጋጠማት ተናገረች። ግድግዳ እንደማይወፍር ግን አመነች።

ልጅቷ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ተመልሳ ደረቁ ባኞ ውስጥ ተቀመጠች። የምታጠናውም፣ የምታኮርፈውም እዚያ ነው። ዕቃዎቹን ልካቸውን ጠብቃ አሳንሳ ከካርቶን ቆርጣቸዋለች፤ ባኞው በወርዱ ሰባ፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከነመላወሻው ሰባ አምስት፣ የእጅ መታጠቢያው ከነቁም ሳጥኑ ስድሳ። ሲደረደሩ ሁለት ሜትር ከአምስት ይሆናሉ። በእናቷ ልኬት ሦስት ሴንቲ ሜትር ተርፏት ነበር፤ በግድግዳው ልኬት አምስት ጎደላት። የመቀመጫውን ልክ እንዳትነካ የቧንቧ ሠራተኛው አስጠንቅቋታል። ከሰባ አምስት ካነሰ ሰው ፎቶ እንደሚነሣ በጎን ነው የሚቀመጠው ብሏታል።

እንግዲህ ወይ ባኞው ይወጣል፣ ወይ የእጅ መታጠቢያው ያንሳል። ብዙም አላሰበችም። መቀሷን አንስታ የእጅ መታጠቢያውን ወደ አርባ አምስት አሳጠረችው። ቁም ሳጥኑ ቀረ፤ ባኞው ዳነ።

ባኞው መዳን ነበረበት። ቀለሙ ተልጧል፤ ከቧንቧው ሥር የዝገት መስመር ወርዶበታል። ግን እሷና አሁን ሌላ ከተማ የሚማረው ወንድሟ ያደጉት በእሱ ውስጥ ነው። ያኔ አያታቸው ገና አውቶቡስ ነጂ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ሲነዱ ውለው ማታ ደግሞ ባኞው አጠገብ ዱካ ላይ ይቀመጡና የድስት ክዳን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደገና ይነዳሉ። ትኬቱ ሳሙና ነው። ጆሮውን ያልታጠበ ተሳፋሪ አይሳፈርም። ወንድሟ ውሃው እንዳይቀርበት መውረጃው አለፈኝ እያለ ሁለት ሦስት ዙር ይሄድ ነበር። አያታቸው ውሃ መድፈኛውን ሲስቡ፣ ያልወረደ ሰው ከውሃው ጋር ጋራዥ ገብቶ እንደሚያድር ያስታውቃሉ። እሷ ይህን እስከ ሰባት ዓመቷ ድረስ አምናለች።

ወንድሟ በስልክ፣ ባኞውን ከነካችሁት ቤት አልመጣም ብሏል። አያቷም ሲጠየቁ፣ ይቆይ፣ እኔን ምን አደረገኝ ነው ያሉት።

በሩ ተንኳኳ። አያቷ ናቸው፤ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል።

«መሐንዲሷ፣ ቢሮሽን ልቀቂልኝ። ልታጠብ ነው።»

ደብተሯን አንስታ ወጣች። ካርቶኖቹ ባኞው ውስጥ መቅረታቸው ትዝ ያላት ኮሪደሩ ላይ ነው፤ በሩ ግን ተቆልፏል። ውሃው ሲንሿሿ እየሰማች ለልፋቷ አዘነች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አያቷ አንገታቸው ረጥቦ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተቱ ወጡ። ውሃው ዛሬ ለጉድ ነበር፣ ሰውነቴ ቀለለኝ አሉና አለፉ።

ልጅቷ የራሰ ካርቶን ልትለቅም ገባች። ሦስቱም ካርቶኖች ባኞው ወለል ላይ እንደደረደረቻቸው ተቀምጠዋል። ጠብታ አልነካቸውም። ዱካው የእጅ መታጠቢያው ሥር ተጠግቷል። ጣሳው እርጥብ ነው። ፎጣው የተሰጣው የባኞው ጠርዝ ላይ ነበር፤ ጠርዙ ከጉልበቷ በላይ እንደሚደርስ ዛሬ ገና አየችው። አያቷ ደረጃ ሲወጡ በእያንዳንዷ ላይ ሁለቱንም እግራቸውን እንደሚያሳርፉም ታውቃለች። ስታውቀው ከርማለች።

የባኞውን ካርቶን አነሣች። መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ደብተሯ ውስጥ ከተተችውና በንድፉ ላይ የነበረውን በላጲስ አጠፋችው። ቦታው ላይ ጠርዝ የሌለው፣ ወደ ውሃ መውረጃው ዘንበል የሚል ወለል ሣለች። ከዚያ ሻወር፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ መቀመጫ፣ ከጎኑ የእጅ መያዣ ብረት። የብረቱን ከፍታ በግምት አንድ ሜትር ከአሥር ብላ ጻፈች። ጽፋ ግን አላመነችበትም።

«አባባ፣ እስቲ አንዴ ይምጡ» ብላ ጠራቻቸው።

መጡ። ባኞው አጠገብ ካለው ግድግዳ ሥር አቆመቻቸው።

«ምነው? ሱፍ ልታሰፉልኝ ነው?»

«ለንድፉ ነው። የቤተሰቡን ሁሉ ልክ አምጪ ተብያለሁ።»

እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። አያቷ ወረቀቱን አጮልቀው አዩት። መሪ ላይ የኖረ ዓይን ካርታ አይጠፋውም።

«ባኞውስ?»

«ቦታ አልበቃንም። አምስት ሴንቲ ሜትር ጎደለ።»

«አምስት ብቻ?»

«አምስት።»

 አየር ወደ ውስጥ ሳቡና ቀስ ብለው ለቀቁት።

«ካልበቃ ምን ይደረጋል» አሉ። «ለወንድምሽ እኔ እነግረዋለሁ።»

«እጅዎን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ፤ እንደሚመችዎ።»

እጃቸው ካሰበችው በታች አረፈ። በልቧ የለካችው በልጅነቷ ዱካው ላይ ይቀመጥ የነበረውን ትልቅ ሰውዬ ነበር። አያቷ መጀመሪያ መዳፋቸውን አስነኩ፤ ቆይተው ትከሻቸውን ዘና አደረጉና ክብደታቸውን ጣሉበት።

ከመዳፋቸው ሥር በእርሳስ አሰመረች። ሜትሩን ግን አልዘረጋችም። እጃቸውን ራሳቸው እስኪያነሱ ጠበቀች።