የመሪው ሽቦ

«ሞተሩ እየሠራ ድንገት ቢያስልብህ፣ መጀመሪያ የምታየው ምንድን ነው?»

ብርነሽ ከአፍንጫዋ ሥር ጥቁር ክር ለጥፋ፣ ድምፅዋን አወፍራ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማረችው ፈረንሳይኛ ጠየቀች። ነገ ጠዋት ወንድሟን የሚፈትነው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሪዛም ነው መባሉን ሰምታለች።

«ቤንዚኑ መድረሱን፤ ከዚያ እሳቱን» አለ ዘውዴ።

«በፈረንሳይኛ፣ ሙሴ ዘውዴ! ፈታኙ የእናትህ ልጅ መሰለህ?»

«ሪዝሽ ሊወድቅ ነው፣ ሙሴ።»

እሷ ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። አሥራ አንድ ወጣቶች ይቀርባሉ፤ የአውሮፕላን መካኒክነት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ለሁለቱ ብቻ ነው። ለመቅረብም ቢሆን አሠሪው «ብቻውን ፈትቶ ብቻውን ገጥሟል» ብሎ የፈረመለት መሆን አለበት። ዘውዴ የጭነት መኪናውን መሪ ፈትቶ ገጥሞ፣ የጋራዡ ባለቤት አቶ ዓለሙ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፈርመውለታል። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ግንቦት 3 ቀን 1926 ዓ.ም. ይላል።

እናታቸው ወይዘሮ በለጡ ጥግ ተቀምጠው የሟች ባላቸውን ኮት ለዘውዴ በመርፌ እያጠበቡ ነበር። ኮቱ ከሣጥን ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። «እጅህን ዘርጋ» ብቻ እያሉ ይለኩታል።

«የመጨረሻው ጥያቄ» አለች ብርነሽ። «ሥራውን ከጨረስህ በኋላስ?»

«የተረፈ ዕቃ አለመኖሩን አያለሁ» አለ፤ ይህን እንኳ በፈረንሳይኛ አጥርቶ። «አውሮፕላን መንገድ ዳር አይቆምም።»

«ብርነሽ!» የሚል ድምፅ ከደጅ ተሰማ። ጎረቤታቸው ሐዲያ ነበረች። ዘውዴ ዕቃ የሚደረድርበትን አሮጌ የእንጀራ ስፌት ያዋሱት የሐዲያ እናት ናቸው፤ ዛሬ ሥራው ሲያልቅ መልሶላቸዋል። መጀመሪያ የፈታውን መሀል ላይ ያስቀምጥና የስፌቱን ዙር እየተከተለ እስከ ጠርዙ ይደረድራል፤ ሲገጥም ከጠርዙ ወደ መሀል ይመለሳል። ጋራዥ ውስጥ «እንጀራህ ሻገተብህ» እያሉ ይሥቁበታል። ይሁንና አንዲት ቡሎን ጠፍታበት አታውቅም።

«እናቴ ጠርዙን ልትጠግነው ስትል መርፌዋ እምቢ አላት» አለች ሐዲያ። «ወላሂ፣ ይቺ ናት በዙሩ መካከል ተሰክታ የተገኘችው። የእናንተ ናት አይደል?»

ጣት የማታህል፣ ሁለት እግር ያላት ሽቦ ነበረች። ሐዲያ ስትሄድ ብርነሽ ደጃፉ ላይ ቀረች። ሽቦዋን ታውቃታለች፤ ዘውዴ ዕቃዎቹን ሲፈታ ስማቸውን በደብተር የጻፈችለት እሷ ናት። የመሪውን ዘንግ የያዘው ዳዶ እንዳይላላ በቀዳዳው ገብታ ጫፏ የሚታጠፈው ሽቦ ይህች ናት።

መኪናው ከከተማው ግንብ፣ ከሸዋ በር ውጭ፣ ጋራዡ ደጅ ቡና ተጭኖበት ቆሟል። ነገ ጎህ ሳይቀድ ወደ ድሬዳዋ ይነሣል፤ የደንገጎን ቁልቁለት ይወርዳል። የከተማው በር ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። ፀሐይዋ አሁን የጎረቤትን ጣራ እየነካች ነው።

የመንገዱ ቦይ ከእግሯ ሥር ነበር። እጇን ብትከፍት ሽቦዋ ትገባለች፤ ያየም የለም። ሐዲያም ነገሩን አታውቀውም።

ሽቦዋን ጨብጣ ገባች። ዘውዴ ኮቱን ለብሶ ቆሞ ነበር፤ እናቱ ጫፉን ይሰፉለታል። ብርነሽ ክሩን ከአፍንጫዋ ሥር አንሥታ ጣለች።

«ሥራውን ከጨረስህ በኋላስ?»

«አሁን መለስሁልሽ እኮ።»

እጇን ዘረጋች። ዘውዴ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«አሮጌዋ ትሆናለች። በአዲስ ቀይሬያት ይሆናል።»

«አዲስ ከየት አመጣህ?»

«ዳዶውን አጥብቄዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ቀን ይዞ ይቆያል። ከፈተናው እንደወጣሁ... አሁን ብናገር አቶ ዓለሙ ደብዳቤውን ይቀድዱታል፣ ብርኔ። ሁለት ዓመት ለፍቼ!»

«አውቃለሁ።»

የወይዘሮ በለጡ መርፌ ቆመ። ቀና ሳይሉ ጠየቁ።

«መኪናውን የሚነዳው ማን ነው?»

«ጋሽ ለገሠ» አለ ዘውዴ።

ወይዘሮ በለጡ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ከደጅ፣ ገበያተኞችን የሚያጣድፍ ሰው ድምፅ ይሰማል።

ዘውዴ ኮቱን አወለቀ። እጅጌዎቹን አስተካክሎ በእናቱ ጉልበት ላይ አኖረውና ዘይት የጠጣ ሸሚዙን ከሚስማር አወረደ። ፒንሳውን ያዘ። በሩ ዘንድ ሲደርስ ተመለሰ፤ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው አንሥቶ አጥፎ በደረቱ ከተተ።

«እሱን ለምን ትወስደዋለህ?» አለች ብርነሽ።

«አቶ ዓለሙ ጋራዥ ናቸው። የሚቀድዱትም ከሆነ ከእኔ እጅ ይቀበሉት» አለ። «ሽቦዋን አጥብቀሽ ያዢ። ሩጪ፣ በሩ ሊዘጋ ነው።»