ኤልናታን በንጉሡ ላይ ያነሣው ክስ

ደማሪስ በሳቀች ቁጥር ኤልናታን ማን እንዳሳቃት ያጣራ ነበር።

በፈረንጆች 1776፣ ከቦስተን ወጣ ባለች መንደራቸው፣ በአንድ የግንቦት ጠዋት ወደ መሰብሰቢያው ቤት ሲሄዱ ያሳቃት ዝይ ነው። የጎረቤት ዝይ አንገቱን አስግጎ ሲያባርራቸው ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች፣ «መቶ አለቃው ቢሆን ኖሮ አጥር ላይ ይወጣ ነበር!» አለች።

«የትኛው መቶ አለቃ?» አለ ኤልናታን፣ አሳምሮ እያወቀ።

«ስንት መቶ አለቃ ነው የማውቀው? ቦስተን ቤታችን የነበረው ነዋ!»

ኤልናታን የመንደሩ በርሜል ሠሪ ነው፤ ውሃ የምታሳልፍ ስንጥቅ በጣቱ ዳብሶ ያገኛል። ደማሪስ እናቷ ሞታባት አክስቷ ዘንድ ከመጣች ጀምሮ ንግግሯንም እንደዚያው ይዳብስ ነበር። የንጉሡ ወታደሮች ቦስተንን በያዙበት ክረምት አንድ ቀይ ለባሽ መኮንን እናቷ ቤት በግድ ገብቶ ከርሟል። ዋሽንት ይነፋል። ዝይ ይፈራል። ሌላስ? ኤልናታንና ደማሪስ ሊጋቡ መሆኑን የሚያውጅ ማስታወቂያ በመሰብሰቢያው ቤት በር ላይ ተለጥፏል፤ ኤልናታን ግን ያንን ሰው ዛሬም ከመካከላቸው ማስወጣት አልቻለም።

መሰብሰቢያው ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ወንዶቹ ከታች፣ ሴቶቹ ሰገነቱ ላይ። ባሕር ማዶ ካለው ንጉሥ እንለይ ወይስ እንታገሥ? ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት በደሉን እየዘረዘሩ ነው።

«ሳይጠይቀን ግብር ጣለብን!»

«ዳኞቹን ራሱ ደሞዝ እየከፈለ አሽከሩ አደረጋቸው!»

«ወደባችንን ዘጋው!»

«የቀረ አለ?» አሉ ሰብሳቢው ሽማግሌ፣ ጋሽ አብድዩ።

ኤልናታን ተነሣ። «ወታደሮቹን ቤታችን ድረስ አስገባብን።»

«እውነት ነው!» አለ ሰዉ።

እዚያ ላይ ቢቀመጥ ጥሩ ነበር። አልተቀመጠም። «ገበታችን ላይ ይበላሉ! ለልጃገረዶቻችን ዋሽንት ይነፋሉ! ከሄዱ በኋላ እንኳ ስማቸው ከሴቶቹ አፍ አይጠፋም!»

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሰገነቱን አየ።

«ቆይ እስቲ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ አብድዩ። «ዋሽንቱን የነፋው ንጉሡ ነው እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከላይ ደረጃውን የሚወርድ የእግር ኮቴ ተሰማ።

ደጅ ላይ ደረሰባት። ማስታወቂያቸውን ከበሩ ገንጥላ ይዛዋለች።

«ደማሪስ፣ እኔ እኮ...»

«አገር በተሰበሰበበት ከንጉሡ ወንጀል ጋር ደመርከኝ!»

«ስለ እሱ ስታወሪ ያመኛል። ምን ላድርግ?»

«ስለ ዋሽንቱ ጠየቅከኝ። የዓይኑን ቀለም ሳይቀር ጠየቅከኝ። እናቴ እንዴት እንደሞተች አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ኤልናታን ስለዚያ ቤት ሌት ተቀን አስቧል፤ በሐሳቡ ውስጥ ግን ቤቱ ሁለት ሰው ብቻ ነበረበት።

«እንዴት ሞተች?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ደማሪስ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «መቶ አለቃው አልጋዋን ወሰደባት» አለች። «ክፍሏ ምድጃ ስላለው። እሷን ዱቄት የምናስቀምጥበት ጓዳ አስተኛናት፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሳሏ እንዳይቀሰቅሰው አፏን በትራስ ትይዝ ነበር። አንድ ጠዋት ትራሱን ላነሣላት ስገባ...»

አልጨረሰችውም።

«ቀብሯ ላይ አለቀሰ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።»

ያን ጊዜም እንኳ ኤልናታን «ታዝኚለታለሽ?» ሊላት ቃጣው። ዋጥ አደረገው።

«በዚያ ክረምት የሳቅሁት ዝይ እሱን ያባረረበት ቀን ብቻ ነው» አለች። «ያችንም ሳቅ ልትነጥቀኝ ነው?»

«ኤልናታን!» ሲሉ ጋሽ አብድዩ ከውስጥ ተጣሩ። «እጅ ልናወጣ ነው፤ ና እንጂ!»

«ሂድ» አለች ደማሪስ። «ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የነበረ ቀን ነው።»

«አትጠብቁኝ!» ብሎ ወደ ውስጥ ጮኸ።

ቀና ብላ አየችው። ወረቀቱን መልሳ አልለጠፈችውም፤ አልቀደደችውምም። አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ቀሚሷን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችለት። ተቀመጠ።

ከውስጥ የደስታ ጩኸት ፈነዳ፤ ወንበሮች ተንኳኩ። ከንጉሡ ለመለየት ካወጡት እጆች መካከል የኤልናታን እጅ አልነበረችም።

«የእናትሽ ስም ማን ነበር?» አለ።

«አቢጣል» አለች ደማሪስ። ከቦስተን ከወጣች ወዲህ ያንን ስም ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር።