በሲጋራ ፓኮ ውስጥ የተኛችው ሴት

የተዋናይት ኦሬሊያ ኳርልስ አስከሬን በሪችመንድ ከተማ ከጄምስ ወንዝ ሲወጣ፣ ራሷን ውሃ ውስጥ ጥላ ነው ተብሎ ተቀበረች። መልኳ ግን አልተቀበረም። የከተማው ወንድ የሲጋራ ፓኮ በከፈተ ቁጥር፣ ከውስጡ በምትወጣው ትንሽ የማስታወቂያ ፎቶ ካርድ ላይ ሶፋ ላይ ተኝታ ያገኛታል።

መርማሪ ሌሙኤል ፕራዘርን ያስጠራችው እህቷ ላቪኒያ ነበረች። «ኦሬሊያ ውሃ ትፈራለች፤ ወንዝ ዳር ድርሽ አትልም» አለችው።

ፕራዘር መጀመሪያ የቲያትር ቤቱን ኃላፊ ጌዲዮን ስትሮዘርን አነጋገረ። ሰውየው ከኦሬሊያ ጋር መጣላቱን አልደበቀም፤ መድረኩን ትታ ልታገባ መሆኑን ስትነግረው ተቆጥቶ ነበር። በጠፋችበት ምሽት ግን ራሱ እየተወነ ሕዝብ ፊት ነው ያመሸው። የካርዶቹን ፎቶ ለዓመታት ያነሳት አምብሮዝ ቲሌት ደግሞ፣ የመጨረሻውን፣ ሶፋ ላይ የተኛችበትን፣ ከመሞቷ ሳምንት ቀደም ብሎ ደክሟት እንቅልፍ ሲጥላት እንዳነሳው እያለቀሰ ተናገረ።

ፕራዘር ላቪኒያ የቆዩ ካርዶችን ይዛ እንድትመጣ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቸው። በአንዱ ቀኝ እጇ ሻርፕ ስር ተሸሽጓል፤ በሌላው እንደ ጭስ ደብዝዟል።

«ይህ እጅ ምን ሆኖ ነው?» ሲል ጠየቃት።

«ከልጅነት ትኩሳት ወዲህ ይንቀጠቀጥ ነበር። አብረን ነበር የምንተኛው፤ በእንቅልፏም አያርፍላትም ነበር።»

ፕራዘር የመጨረሻውን ካርድ ወደ መስኮቱ አስጠጋ። ቀኝ እጇን ደጋግሞ አየ።

በማግስቱ ሦስቱንም በቲሌት ፎቶ ቤት፣ በዚያው ሶፋ ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«የሚንቀሳቀስ ነገር ፎቶ ላይ ይደበዝዛል» ሲል ጀመረ። «የኦሬሊያ ቀኝ እጅ በሕይወቷ ሁሉ አንዴም ጠርቶ አልወጣም። እዚህ ካርድ ላይ ግን ደረቷ ላይ አርፎ ጥፍሯ ሳይቀር ይታያል። አንገቷ ደግሞ እስከ አገጯ በዳንቴል ተሸፍኗል፤ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም የወንዝ ድንጋይ ግጭት ነው ያለው ሰንበር የተገኘው እዚያ ላይ ነው። አቶ ቲሌት፣ ይህን ሲያነሱ እሷ ተኝታ አልነበረችም።»

ላቪኒያ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ ቆመች።

ቲሌት ዓይኑን ከሶፋው ሳይነቅል ተናዘዘ። ልታገባ መሆኑን ነግራው፣ መልኳ ከእንግዲህ እንዳይሸጥ ፎቶዎቿ የሚታተሙባቸውን መስታወቶች ሁሉ እንዲሰብር ጠይቃው ነበር። እሱ ለመናት፤ ከዚያም አንገቷን አንቆ ገደላት። ሲመሽ ወደ ወንዙ ወሰዳት።

«ለምን ፎቶ አነሳሃት?» አለችው ላቪኒያ።

«እንደዚያ ረግታ አይቻት አላውቅም» አለ በለሆሳስ።

ፖሊሶች ሲወስዱት ላቪኒያ ብቻዋን ወጣች። ትምባሆ መሸጫው ደጃፍ አንድ ሰው የኦሬሊያን ካርድ ለጓደኛው እያሳየ፣ «አቤት እንቅልፍ ሲያምርባት» ይላል። እጇን ዘረጋችለት።

«ይስጡኝ። እህቴ ናት።»

ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ሰጣት። ከጎኑ ጓደኛው ሌላ ፓኮ እየከፈተ ነበር።