የሌለ ማሽን ላይ ሰማንያ ሰዓት

ያን ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በፋብሪካችን የስብሰባ አዳራሽ የተገኘነው እነዚህ ነን፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ የሙያ ኮሌጁ ዲን፣ ሁላችንም «ማኅተሙ» የምንለው የሥልጠና አስተባባሪ፣ የቶርኖ ክፍል አለቃችን ጋሼ ፎርማን፣ ከኮሌጁ የመጡ አሥራ ሁለት ሠልጣኞች፣ ከእነርሱም መካከል ታናሽ እህቴ፣ በመጨረሻም ባዶ ወንበር ፎቶ ላይ እንዳይታይ ከማሽኔ ተጠርቼ የተቀመጥኩት እኔ። ኮሌጁና ፋብሪካው በጋራ ባለሙያ ለማፍራት ሲፈራረሙ ይህ አራተኛቸው ነበር። የቀድሞዎቹ ሦስት ስምምነቶች መስታወት ገብቶላቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ባለሙያውን ግን እስካሁን ያየው የለም።

ዲኑ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኮሌጃችንና ፋብሪካው ባልና ሚስት ናቸው!» አሉ። ተጨበጨበ።

እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ባልና ሚስት ከሆኑ እኛን ልጆቹን ማን ነው የሚያሳድገን?» አለችኝ።

«ዝም በይ፣ ይሰሙሻል» አልኳት። እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ሌላው ሲናገርም ያስፈራኛል።

እህቴ እውነቷን ነበር። ባለፈው ዓመት፣ በሦስተኛው ፊርማ ቀን፣ ፋብሪካው ለኮሌጁ አዲስ ቶርኖ ሰጥቷል። ቶርኖ ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ማሽን ነው። ማሽኑ ግን ዛሬም ከነላስቲኩ፣ ከነሪባኑ፣ በተቆለፈ ክፍል ተቀምጧል። ዲኑ «ጎብኚ ሳይመጣ ይበላሽብናል» እያሉ ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። ተማሪዎቹ ቶርኖን የተማሩት መምህሩ በጠመኔ ከሳሉት ሥዕል ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። አንድ ቀን ስለ ማሽኑ ድምፅ ቢጠይቋቸው መምህሩ «ዝዝዝዝ ይላል» ብለዋቸዋል። ሁለት ዓመት ተምራ እህቴ ስለ ቶርኖ በጆሮዋ የምታውቀው ይህንኑ ነው።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ሥራ የገባሁት እርሷ እንድትማር ነው። አሁን የቀራት የሦስት ወር የፋብሪካ ልምምድና አንድ የብቃት ምዘና ብቻ ነበር። ምዘናውን ያለፈ እዚሁ በቶርኖ ክፍል ይቀጠራል። የወደቀ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይገባል።

ልምምዱ በማግሥቱ ተጀመረ። ጋሼ ፎርማን አሥራ ሁለቱን አሰልፈው ለእያንዳንዳቸው መጥረጊያ አደሏቸው።

«ጋሼ፣ ማሽኑስ?» አለች እህቴ።

«ማሽኑ ምን ሆነ?»

«መቼ ነው የምንነካው?»

«አህያ ቀንድ ስታወጣ!» ሠራተኛው ሳቀ። «ስሚ የኔ ልጅ፣ ይህ ፋብሪካ ነው፤ የሕፃናት መዋያ አይደለም። ተማሪ ማሽን ነካ ማለት ማሽን ተሰበረ ማለት ነው። ማሽን ተሰበረ ማለት ደግሞ እኔ ተጠየቅሁ ማለት ነው። ወለሉን ጥረጉ፣ ቆሻሻውን ድፉ፣ ሦስት ወራችሁን ጨርሱ፣ ወረቀታችሁን ውሰዱ። ከእናንተ በፊት የመጡትም እንዲሁ ነው የሄዱት። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፤ ማንም አልሠለጠነም እንጂ።»

«አይ ምላስ! ይቺ ምላስ ብረት ብትቆርጥ መቁረጫ መግዛት እናቆም ነበር።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ እህትህን ምከራት!»

አንገቴን ደፋሁ። ማሽን ቁጥር ሦስት ላይ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። «ከጎኔ ትቁም፣ እኔ አሳያታለሁ» ማለት እችል ነበር። አራት ቃል ናት። አላልኩም።

ሠልጣኝ ሁሉ በየቀኑ የተማረውን የሚጽፍበት መዝገብ አለው። መጥረጊያ ይዞ የዋለ ሰው ምን ይጽፋል? እዚህ ቤት ለዚህም ልማድ ተበጅቶለታል፤ የአምናውን ሠልጣኝ መዝገብ መገልበጥ ነው። የአምናውም ከካቻምናው የገለበጠው ነው። ማኅተሙ ሳያነብ ያትማል። እንዲያውም ሥራ እንዳይበዛበት በመጀመሪያው ሳምንት የሦስቱን ወር ገጾች አትሞ ይጨርሳል። ለምን ሲባል «እኔ ሰው አምናለሁ» ይላል። ማመን እንዲህ የሚቀለው ሰው አላየሁም። የኮሌጁ ተቆጣጣሪ መምህር ደግሞ የሚቆጣጠረው በስልክ ነው። «አሉ?» ይላል፤ «አሉ» ይባላል፤ ይዘጋል።

የአምናውን መዝገብ ለእህቴ ፈልጌ ያመጣሁላት እኔው ነኝ። ስትገለብጥም አጠገቧ ተቀምጬ የፊደል ግድፈቷን አረምኩላት። «‹ሠራሁ› በንጉሡ ‹ሠ› ነው» አልኳት። «ማሽን ቁጥር ሰባት ላይ ሠራሁ» የሚለውን ብቻ አሥር ጊዜ አስተካክያለሁ። ፊደሉን አየሁ፤ ውሸቱን አላየሁም። ማሽን ቁጥር ሰባት አርጅቶ ከተነቀለና ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ከተጫነ ሁለት ዓመት አልፎታል።

የምዘናው ቀን ደረሰ። ከውጭ የተላኩት መዛኝ ቱታ የለበሱ ጎልማሳ ሴት ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ሻይ ጋበዟቸው፤ አልጠጡም። መዝገቦቹን ተቀብለው አንድ በአንድ፣ ከዳር እስከ ዳር አነበቡ። በዚህ ፋብሪካ የሠልጣኝ መዝገብ ሲነበብ ያየሁት ያን ቀን ነው። ማኅተሙ በላብ ተጠመቀ።

«አሥራ ሁለታችሁም ማሽን ቁጥር ሰባት ላይ ሰማንያ ሰማንያ ሰዓት ሠርታችኋል» አሉ መዛኟ። «መልካም። በለመዳችሁት ማሽን ብትፈተኑ ነው የሚሻለው። አንቺ፣ የኔ ልጅ፣ እስቲ ምሪን።»

ጣታቸው ያረፈው በእህቴ ላይ ነበር። ሰውን ሁሉ አስከትላ ወደ ክፍሉ ጥግ ሄደችና ቆመች። እዚያ ያለው የሲሚንቶ መደብና አራት የዛጉ ብሎኖች ናቸው።

«የታለ ማሽኑ?»

«የለም።»

«የት ሄደ?»

«እኔ ስመጣም አልነበረም። እኔ የማውቀው መጥረጊያ ነው። ወለሉን ይዩት፤ እሱን በደንብ ሠርቼዋለሁ።»

የሳቀ አልነበረም። መዛኟ በአሥራ ሁለቱም ስም ትይዩ «ብቁ አይደለም» ብለው ጻፉና ሄዱ።

እህቴ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች። «ወንድምዓለም፣ ፊደሉን ከምታርምልኝ ማሽኑን ብታሳየኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ዲኑ «ፋብሪካው አላሠለጠነም» አሉ። ሥራ አስኪያጁ «ኮሌጁ ባዶ ጭንቅላት ላከብን» አሉ። ባልና ሚስቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሐሳብ ላይ ተስማሙ። ጥፋቱ የሠልጣኞቹ ነው! ሐሰተኛ መዝገብ አቅርበዋልና ከኮሌጁ ይሰናበቱ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው እውነተኛ ትብብራቸው ይህ ነበር።

እህቴ እጇን አወጣች። «ከመሰናበቴ በፊት ጋሼን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። ጋሼ፣ ቶርኖ ማን አስተማረዎት?»

«አንድ ሽማግሌ ነበሩ» አሉ ጋሼ ፎርማን።

«ምንም አልሰበሩባቸውም?»

«ሦስት መቁረጫ» አሉ ጋሼ፤ «በመጀመሪያው ሳምንት።»

«ታዲያ መጥረጊያ ሰጡዎት?»

«የለም» አሉ። ድምፃቸው ወረደ። «አራተኛውን መቁረጫ ሰጡኝ።»

ጋሼ መዳፋቸውን ገልብጠው ሲያዩ ቆዩ። ያኔ ከወንበሬ ተነሣሁ።

«መዝገቡን ያመጣሁላት እኔ ነኝ» አልኩ። «የሚሰናበት ካለ እኔም ልሰናበት። ካልሆነ ግን ከነገ ጀምሮ ማሽን ቁጥር ሦስት ላይ ሁለት ሠልጣኝ ይመደብልኝ።»

«ለእኔም ሁለት» አሉ ጋሼ ፎርማን። ወደ ዲኑ ዞረውም፣ «እርስዎም ያን ላስቲክ የለበሰ ማሽን ያስከፍቱ» አሏቸው።

«መልካም፤ ለመክፈቻው ሥነ ሥርዓት እናዘጋጃለን» አሉ ዲኑ።

«መቀስ ይበቃል፣ ጌታዬ» አሉ ጋሼ።

እናንተ ኮሌጅ የምትመሩና ፋብሪካ የምታስተዳድሩ ሆይ፣ ፊርማችሁ ብረት አይቆርጥም። ማኅተማችሁ ሰው አያሠለጥንም። ተማሪ ይሰብርብናል ብላችሁ የቆለፋችሁት ማሽን ሳይሰበር ይዝጋል፤ ተማሪው ግን ይሰበራል። እኛም የምንሠራ ሰዎች ከነቀፋው አናመልጥም። ሙያ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነገር ነው፤ እጁን ኪሱ ከትቶ «ትውልዱ ሰነፈ» የሚል ባለሙያ ራሱ ሰነፍ ነው።

የማሰናበቱ ሐሳብ ቀረ። ሠልጣኞቹ ስድስት ወር በማሽን ላይ ሠሩ፤ ምዘናውም ተደገመ። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ቀረቡ፤ ስምንቱ አለፉ፤ እህቴ አንዷ ናት። ሦስቱ ግን ከመጀመሪያው ውድቀት በማግሥቱ ሄደው ነበር። ደብዳቤ ተላከላቸው፤ አልተመለሱም።