ባንቺአየሁ ኮሶ የጠጣችበት ማክሰኞ

«ኮሶ የጠጣች ሴት ዶሮ ወጥ የምትሠራው ለማን ነው?»

መቶ አለቃ ዳኛው ሐረገወይንን የጠየቃት ይህን ነበር። የጎረቤቷ የባንቺአየሁ ሬሳ በጋቢ ተሸፍኖ መደቡ ላይ ተጋድሟል። ራስጌው አጠገብ ባዶ የኮሶ ዋንጫ አለ። ኮሶውን ወቅጣ ያመጣችው የሐረገወይን ልጅ እናኑ ናት። ጎረቤቱ «መጠኑን አብዝታ ገደለቻት» ስላለ ማለዳ ፖሊስ ወስዷታል። ሐረገወይን ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች። እንባዋ ግን አልመጣም፤ እጇም እግሯም የሌላ ሰው ሆኖባታል።

መቶ አለቃው ድምፁ ዝግ ያለ፣ ቀጭን ሰው ነው። የመሶቡን ክዳን ከፍቶ ብዙ አየ። እንጀራው ከሁለት በኩል ተቆርሷል፤ አጥንቱም በሁለቱም በኩል አለ። ቀጥሎ የሟቿን የዓይን ቆብ ገለጠ፤ የዓይኗ ነጭ ደም ነጠብጥቦበታል። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣና ከጌሾው ሥር ያለውን አፈር ጭሮ አሸተተ።

«ኮሶው እዚህ ነው የተደፋው» አለ። «አልጠጣችውም። ታፍና ነው የሞተች።»

«እንግዲያ ልጄን ይልቀቁልኛ!»

«ትናንት ወደዚህ ቤት ስትገባ የታየችው እሷ ብቻ ናት፣ ወይዘሮ ሐረገወይን። ሌላ የሚመጣ ሰው ካለ ይንገሩኝ።»



ጣሊያን ጎንደርን ከለቀቀ ስምንት ዓመት አልፎታል። ያኔ ባንቺአየሁ የጣሊያን መኮንኖችን ልብስ እያጠበች የሚያወሩትን ታዳምጥ ነበር። የሰማችውን ሐረገወይን ትቀበላታለች፤ ሸምሲያ አዲስ ዓለም ሰፈር ካለው ሱቋ ከጨርቅ ጋር ጠቅልላ ታሳልፋለች፤ የሻው አርማጭሆ ላሉት አርበኞች ያደርሳል። አራቱም አንዳቸው የሌላውን ስም ለማንም ላይጠሩ ምለዋል። ሐረገወይን አንድ ጊዜ ተገርፋ እንኳ አልተናገረችም። አሁንም አፏ አልከፈት አላት።

መቶ አለቃው የሟቿን ወዳጆች ሊጠይቅ ሲነሣ ግን ከኋላው አልተለየችም።

ሸምሲያን አቡጀዲ ስትለካ አገኟት።

«ማክሰኞ ባንቺአየሁ ቤት ሄደው ነበር?»

«ኮሶ ጠጥቻለሁ ብላ ላከችብኝ። ኮሶ የጠጣ ሰው ደጅ ማን ይሄዳል? ምነው፣ የእናንተ አገር ሰው ይሄዳል?»

«ከእሷ ቤት ይበላሉ?»

«ሽሮዋን እበላለሁ። ሥጋዋን ግን አልበላም፤ እሷም የእኔን አትበላም። እንዲያውም ሆነን ከእህት በላይ ነን።»

ሊወጡ ሲሉ ሸምሲያ የሐረገወይንን ነጠላ ያዘች። «ልጅሽ ታስራ አንቺ መሐላ ታሰላስያለሽ? እኔም በቁርአን ምያለሁ። ዛሬ አንቺ ባትናገሪ እኔ እናገራለሁ፤ እሱን አላህ ይጠይቀኝ።»

የሻው በረንዳው ላይ፣ ሜዳልያው ደረቱ ላይ ሆኖ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ሰው ሁሉ «አያ የሻው» ብሎ ተነሥቶ የሚያሳልፈው ሰው ነው።

«ኮሶ በጠጣች ቀን እኔ ምን ላደርግ እሄዳለሁ? ግሣቷን ልሰማ?» ብሎ ሣቀ። ከዚያ ወደ ሐረገወይን ዞረ። «ምነው አንቺ፣ ለልጅሽ የኮሶ ልክ እንኳ አታስተምሪያትም ኖሯል?»

ሲመለሱ ሐረገወይን መንገድ ላይ ቆመች።

«መቶ አለቃ» አለች። «ኮሶው ሰበባችን ነበር። ልንገናኝ ስንል አንዳችን 'ኮሶ ጠጥቻለሁ' እንላለን፤ ጎረቤት አይመጣም። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ከሳንጃ የመጣ ሰው ለባንቺአየሁ አንድ ነገር ነገራት። 'ማን እንደሸጠን ደርሼበታለሁ' አለችኝ። 'አስቀድሜ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ትሰሚያለሽ' አለችኝ። በጣሊያን ጊዜ የአርማጭሆዎቹ አርበኛ ልጆች የተሰቀሉት ሰው ሸጧቸው ነው።»

«እናንተ ስንት ነበራችሁ?»

ስማቸውን ጠራች። ስትጠራው ምንም አልተሰማትም።

በሠልስቱ ለቀስተኛው ባንቺአየሁ ቤት ተሰብስቦ ሳለ መቶ አለቃው እናኑን አስመጥቶ ከበሩ አጠገብ አቆማት።

«ሟቿ ኮሶ አልጠጣችም» ሲል ጀመረ። «ኮሶው የእንግዳ መሸሸጊያ ነበር። እናኑ ደግሞ ወቅጣ ያመጣችው ራሷ ናት፤ እሷን ለማስገባት ሰበብ አያስፈልግም። እንግዳው የጦርነቱን ጊዜ ምሥጢር የሚያውቅ ነው። የቀሩት ሦስት ናቸው።»

«ሦስት?» አለ የሻው። «አንዷ ልጇን ለማዳን የምትቀባጥረውን ይዘህ ነው?»

«መሶቡን ይዤ ነው። እንግዳው የክርስቲያን እርድ በልቷል፤ ሸምሲያ አይደለችም። በእንግዳው በኩል የቀረው ደግሞ የዶሮው ፈረሰኛ አጥንት ነው። እናንተ ሴቶች፣ ፈረሰኛን ለማን ታቀርባላችሁ?»

«ለአባወራ ነዋ» አለች አንዷ። «ወይ ለተከበረ ወንድ እንግዳ።»

«ለሴት ጓደኛስ?»

«ወግ ነው እንዴ!»

«ስለዚህ ሐረገወይንም አይደለችም። ገዳዩ ኮሶውን ደፍቶ ዋንጫውን ራስጌዋ አኖረ። ይህን ያህል ያሰበ ሰው መሶቡን ግን ክዳን ብቻ ደፍቶበት ሄደ። ሴት ብትሆን ፍርፋሪውን ሳታነሣ አትወጣም። ይህ ሰው በዕድሜው ማዕድ አንሥቶ አያውቅም፤ የሚነሣ መሆኑም ትዝ አላለውም። አያ የሻው፣ እጅዎን ይስጡ።»

የሻው ሜዳልያውን በመዳፉ ሸፈነ።

«ጣሊያኖቹ ልጄን ይዘውብኝ ነበር» አለ። «ሊሰቅሉት ነበር። አባት ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ባንቺአየሁ ደግሞ በአደባባይ ልትናገር ነበር፤ አብልታኝ፣ አጠጥታኝ፣ 'ነገ እናገራለሁ' አለችኝ።»

ሐረገወይን ሰማችው። አላዘነችለትም፣ አልረገመችውም። እናኑን ለማቀፍ ሄደች። ልጅቱ ግን እጇን አልዘረጋችም።

«እማዬ፣ ኮሶው ሰበብ መሆኑን ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር?»

«መሐላ ነበረብኝ፣ ልጄ።»

«እኔስ?»

ሐረገወይን ነጠላዋን አስተካከለች። 

የሻው ለፍርድ ተወሰደ። እናኑ ልብሷን ቋጥራ ኮላ ድባ አክስቷ ዘንድ ሄደች፤ ለፋሲካም አልመጣችም። ሸምሲያ ሱቋ ውስጥ፣ ሐረገወይን ቤቷ ውስጥ ቀሩ።