በጨዋታው እሑድ ከመሬት በታች

እንደ አገሩ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የጥቅምት ወር ሊያበቃ ሲል፣ የከሰል ማዕድን አገር በሆነው በላይኛው ሲሌዥያ፣ በብዜዚና ከተማ ላይ የከሰል ብናኝ ያጠቆረው ካፊያ ያለማቋረጥ ይወርድ ነበር፤ ሴቶቹ ያጠቡትን ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰቡ ይራገማሉ፤ ወንዶቹ ግን ወሬያቸው ሁሉ አንድ ነበር። የከተማዋ እግር ኳስ ክለብ በመጪው እሑድ ካሸነፈ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንደኛው ምድብ ያልፋል።

ክለቡን ከመሠረቱት ቆፋሪዎች መካከል በሕይወት የቀሩት አዛውንቱ ቪልሄልም ካንጃ ብቻ ነበሩ፤ ጉድጓድ ወርዶ ከሰል ያልቆፈረ ማልያውን አይለብስም የሚለውን ደንብ ያወጡትም እሳቸው ናቸው። አሁን አቧራው ሳንባቸውን በልቶታል፤ ለጡረታ የቀራቸው አንድ ክረምት ነው። የክለቡ በረኛ የሆነው ልጃቸው አሎይዚ፣ አባቱ ይህን ጨዋታ ሳያዩ እንዳይሞቱበት ሌት ተቀን ይጨነቅ ነበር።

ደንቡ ግን ከተሻረ ቆይቷል። አዲሱ የማዕድን አስተዳደር ከየአገሩ ተጫዋች እያስመጣ፣ በስም ብቻ ቆፋሪ እያሰኘ፣ ደመወዝ ይቆርጥላቸው ጀመር፤ ከአሎይዚ በቀር መብራት ይዞ የሚወርድ ተጫዋች አልተረፈም። በዚህ ቢበቃ ምን ነበረበት! ስማቸው ብርጌድ ከሚባለው የቆፋሪዎቹ የሥራ ቡድን ውስጥ ስለተቆጠረ፣ የእነርሱ ድርሻ ከሰልም ከብርጌዱ ይጠበቃል። እነርሱ ያልቆፈሩት ጎደለ፤ ጉድለቱ እንዲሞላም ብርጌዱ በሙሉ በጨዋታው እሑድ እንዲወርድ ታዘዘ። አዛውንቱ ካንጃም የሚሠሩት በዚያው ብርጌድ ነበር።

አሎይዚ ንዴቱን ዋጥ አድርጎ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባ፤ ጓድ ዛሬምባም በትሕትና አስቀመጡት፣ ሻይ አስመጡለት።

«ጓድ ዳይሬክተር፣ አባቴን ብቻ ይልቀቁልኝ» አለ። «ክለቡን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው።»

«አንዱን ከለቀቅኩ የሁሉም ልጅ መጥቶ ይቆምብኛል» አሉ ዳይሬክተሩ። «ደግሞ ተመልካች አይጠፋም፤ የቢሮ ሠራተኛውንና ተማሪውን አሰልፈን እናመጣለን።»

አሎይዚ ሻዩን ሳይነካ ወጣ።

እሑድ ንጋት ላይ አባቱን «ለሽማግሌዎች ተፈቅዷል፤ ዛሬ አይወርዱም» ብሎ ዋሻቸው፤ ወራጁ ሁሉ የሚመዘገብበትን፣ የአባቱ ቁጥር የተቀረጸበትን የናስ መለያም ኪሱ ከቶ በእሳቸው ፈንታ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። መለያ የሚቀበለው ሰውዬ ቁጥሩን አየ፣ ፊቱንም አየ፤ የቆፋሪዎች ልማድ ነውና «እግዜር ይርዳህ» ብሎ መለያውን ሰሌዳው ላይ ሰቀለው። አሎይዚም ከመሬት በታች፣ አባቱ አሁን ወንበር ይዘው ይሆናል፣ አሁን ጨዋታው ተጀምሮ ይሆናል እያለ፣ በእልህ ሲቆፍር ዋለ።

ፈረቃው አልቆ አሳንሰሩ ሲያወጣው፣ አባቱ ጥቁሩን የቆፋሪዎች የክብር ልብሳቸውን ለብሰው፣ የባርኔጣቸው ላባ በዝናብ ረጥቦ፣ ከበሩ ላይ ቆመው አገኛቸው።

«ስንት ለስንት አለቀ፣ አባባ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«አላዩትም እንዴ?»

«ጎሉ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ጥዬ መጣሁ» አሉ፤ ሳል አቋረጣቸው። «አንተ ቂል! እኔ ኳስ ለማየት ነው እንዴ የሄድኩት? አንተን ለማየት እንጂ።»

አሎይዚን ማልቀስም መሳቅም ቃጣው። በዚያው ቅጽበት ከሜዳው ወገን የማዕድኑ ማርሽ ባንድ ድምፅ ተሰማ፤ ክለቡ ማለፉን ያወቁትም በዚያ ነው።

አዛውንቱ ክረምቱን አልጨረሱም፤ አሎይዚም የበረኝነት ሥራህን ጥለሃል ተብሎ ከክለቡ ተባረረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የተጻፈው የክለቡ ታሪክ፣ ዐሥራ አንድ ቆፋሪዎች በቆፋሪ ጓደኞቻቸው ጩኸት ታጅበው ድል እንዳደረጉ ይተርካል። ጸሐፊው ዋሽቷል ለማለት ያስቸግራል፤ የጠየቀው በሜዳው የነበሩትን ነው፤ ከመሬት በታች የነበሩትን ለመጠየቅ ያሰበ አልነበረም። በዚያ እሑድ የተነሣው የቡድኑ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ በክለቡ አዳራሽ ተሰቅሏል፤ ከዐሥራ አንዱ ግን አንድ ቀን እንኳ ጉድጓድ የወረደ የለም።